ሁለት ግራፊክስ ካርድ፣ ሦስት ሞኒተር፣ አንድ የተሳሳተ ቁጥር

ጅማ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ ጽሕፈትና ሕትመት ቤት ያለው አንባቢያችን እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ አሮጌ ወርክስቴሽን ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኛለሁ። ሁለት ጂፎርስ 210 ካርድ አለው። አንደኛው ካርድ ላይ የሰካኋቸው ሁለት ሞኒተሮች ይሠራሉ። ሁለተኛው ካርድ ላይ ያለው ሦስተኛው ግን ጨለማ ነው፤ ሴቲንግ ውስጥም አይታይም። ሞኒተሩን ወደ አንደኛው ካርድ ሳዞረው ይሠራል። ተርሚናል ላይ ኤልኤስፒሲአይ (lspci) ብዬ ስጽፍ ሁለቱም ካርዶች ይመጣሉ፤ አንዱ 0ኤፍ፣ ሌላው 1ሲ ላይ። አንድ ባለሙያ ‹ሌላ ማሽን ላይ ሠርቷል› ብሎ የስክሪኑን ፕሮግራም የኤክስ ኦርግን ማዘዣ፣ የኤክስ ኦርግ ኮንፍ (xorg.conf) ፋይል ገለበጠልኝ። አልሆን ሲለው ፓወር ሰፕላይ አስቀየረኝ። የውስጡን ፎቶ ልኬልሃለሁ።»

ወንድሜ፣ ካርድህ ደህና ይመስለኛል። ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ በከንቱ ነው የቀየርከው። ጂፎርስ 210 የሚበላው ወደ 30 ዋት ገደማ ነው። የግራፊክስ ስሎቱ ብቻውን እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ይልቅ አሮጌውን ካልጣልከው መልሰው። ላዩ ላይ 500 ዋት የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ስታነሳው እንደ ባዶ ካርቶን የሚቀል ፓወር ሰፕላይ ገበያውን ሞልቶታል። የድሮዎቹ ከባዶች ይሻላሉ።

እኔ የጠረጠርኩት ፋይሉን ነው። ኤልኤስፒሲአይ ካርዱን ካሳየህ ማዘርቦርዱ አግኝቶታል። ሞኒተሩም ኬብሉም ሌላ ቦታ ሠርተዋል። እንግዲህ የቀረው ካርዱ የት እንዳለ ለስክሪኑ ፕሮግራም የሚነግረው መስመር ነው። ባስ አይዲ የሚባለው። ፋይሉን ባላየውም እዚያ ላይ «1» ተብሎ እንደተጻፈ እገምታለሁ።

ይቺን ነገር ትንሽ ልዘርዝራት፤ ስንት ሰው ገንዘቡን የጨረሰባት ናት። ኤልኤስፒሲአይ የሚቆጥረው በ16 ቤት ነው። 9 ካለ በኋላ ወደ 10 አይሄድም፤ ኤ ይላል። ኤ 10 ነው፣ ቢ 11፣ ሲ 12፣ ዲ 13፣ ኢ 14፣ ኤፍ 15። ከዚያ በኋላ ነው 10 ብሎ የሚጽፈው፤ እሱም በእኛ አቆጣጠር 16 ነው። የኤክስ ኦርግ ፋይል ደግሞ የሚፈልገው ተራውን የአሥር ቤት ቁጥር ነው። እኛ 3 ሰዓት ስንል ፈረንጅ 9 ሰዓት እንደሚለው ማለት ነው፤ ጊዜው አንድ፣ አጠራሩ ሁለት። ስለዚህ 0ኤፍ ያልከው ካርድ ፋይሉ ውስጥ 15 ነው። 1ሲ ደግሞ 16 ሲደመር 12፣ 28 ይሆናል። ሰውየው ፊደሏን ጥሎ 1 ብቻ ከጻፈ ፕሮግራሙ 1 ቁጥር ላይ ካርድ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ትቶት ያልፋል። ሌላ ማሽን ላይ ሠርቷል ማለቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። እስከ 9 ድረስ ሁለቱ አቆጣጠሮች አንድ ናቸው። ካርዶቹ 1 እና 2 ላይ ከነበሩ ፋይሉ ያለችግር ይሠራል። ያንተ ግን 28 ላይ ነው።

ቢሆንም ቁጥሩን አርመህ በፋይሉ ቀጥል አልልህም። ብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ የማውሱ ቀስት ወደ ሦስተኛው ሞኒተር ይሻገራል፣ መስኮቱን ግን ጎትተህ አታሻግረውም። ለደንበኛ ሥራውን ለማሳየት አይመችህም። ፋይሉን አታጥፋው፤ ስሙን ብቻ ቀይርና ማሽኑን እንደገና አስነሳ። ከኡቡንቱ ጋር የሚመጣው ኑቮ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ሁለቱንም ካርዶች ያውቃቸዋል። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ሞኒተር ሴቲንግ ውስጥ ራሱ ብቅ ይላል። ካልመጣ ስትገባ «ኡቡንቱ ኦን ኤክስ ኦርግ» የሚለውን ምረጥ፤ ከ25.10 ጀምሮ ባሉት ኡቡንቱዎች ላይ ግን ይህ ምርጫ ቀርቷል። ከዚያ ኤክስራንድአር በሚለው ትእዛዝ ሊስት ፕሮቫይደርስ በል (xrandr --listproviders)። ሁለት ካርድ 0 እና 1 ተብሎ ሲዘረዘር፣ በሴት ፕሮቫይደር አውትፑት ሶርስ 1ን ለ0 አገናኝ (xrandr --setprovideroutputsource 1 0)። ስክሪኑ ጨርሶ ካልተነሳ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጭነህ በጽሑፍ ገብተህ ፋይሉን ወደ ስሙ መልሰው።

የካርዱን ሠሪ የኤንቪዲያን የራሱን ድራይቨር ልጫን እንዳትል። ለዚህ ካርድ የመጨረሻው 340 የሚባለው ነው፤ ድጋፉ በ2019 መጨረሻ አብቅቷል። አዲስ ከርነል፣ ማለትም አዲስ የሊኑክስ እምብርት፣ ላይ ራስ ምታት ነው። አንዱን ካርድ በአዲስ ልቀይር ብትልም ሁለት ትውልድ ካርድ ሁለት ዓይነት ድራይቨር ይጠይቅሃል፤ ሁለቱ አብረው አይጫኑም። ሦስቱን ሞኒተር አንድ ካርድ ላይ መሰካትም አያዋጣም። 210 ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም በአንዴ የሚያበራው ሁለት ብቻ ነው።

አሁን ፎቶው። ሁለተኛውን ካርድ በብሎን ፋንታ በሽቦ ያሰረው ማነው? ሽቦ ማዘርቦርድ ላይ ቢወድቅ ሁሉንም ያቃጥልልሃል። አውጣውና ብሎን አስገባበት። ኬዙን ከመክፈትህ በፊት ግን ገመዱን ከግድግዳው ንቀል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ እስካለ ማዘርቦርዱ ውስጥ 5 ቮልት አለ። ነቅለህ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫን። መብራት ጠፍቷል ብለህም እንዳትከፍት፤ እጅህ ውስጥ እያለ ሊመጣ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ደግሞ ተነቅሎም ቢሆን አትፍታው፤ ውስጡ ቻርጅ ይዞ ይቆያል።

ሦስተኛው በርቶ ጥራቱ 1024 በ768 ላይ ቀጥ ካለ የቪጂኤ ኬብሉን ጫፍ በባትሪ እየው። 9ኛው ፒን ቢጎድል አትደንግጥ፣ የተለመደ ነው። 12ኛውና 15ኛው ከሌሉ ግን ሞኒተሩ ማንነቱን ለካርዱ መናገር አይችልም። ርካሽ ኬብሎች ላይ እነዚህን ያስቀሯቸዋል። ሌላ ግዛ።

ይህን ሁሉ ሞክረህ አሁንም ከጨለመ የኤክስ ኦርግን ሎግ፣ ማለትም የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ክፈትና ኢኢ (EE) የሚል የስህተት ምልክት ያለባቸውን መስመሮች ላክልኝ። ብሎኗን ስታስገባም፣ ደግሜ ልንገርህ፣ ገመዱ ከግድግዳ ይነቀል።