እየመራ የተሸነፈው ወንድሜ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ቴኒስ ይጫወታል። ፍጻሜውን ሲመራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ራኬቱን አልነካም። ምን ልበለው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እህቴ፣ የጎልፈኛውን የሮሪ ማኪልሮይን ታሪክ ንገሪው። እ.ኤ.አ. በ2011 ማስተርስ በሚባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር ላይ፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ የመጨረሻውን ቀን በ4 ምት እየመራ ጀመረ፤ 10ኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷ ዛፍ መታ ሜዳው ዳር ያሉ ጎጆዎች መሃል ገባች፣ ከዚያ ሁሉ ነገር ተበላሸበትና ቀኑን በ80 ምት ጨረሰ፤ በጎልፍ ደግሞ የሚያሸንፈው ትንሽ ምት የመታ ነው። በጣም ያማል! ግን አልተደበቀም፤ ወጥቶ ጋዜጠኞችን አናገረ። በሁለት ወሩ የጎልፉን ዩኤስ ኦፕን በ8 ምት ልዩነት አሸነፈ። ማስተርስን ለማሸነፍ ግን እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጠብቋል። ስለዚህ "ምንም አይደለም" አትበይው፤ ለሱ ትልቅ ነገር ነው። ጥቂት ቀን ይከፋው፣ ተዪው። ከዚያ ቡና ጋብዢውና የቱ ጋ እንደተቻኮለ ራሱ ይንገርሽ።