«ከ24 ዓመት በኋላ ወደ ሸራ ጀልባ መመለስ ይቻላል ወይ?» ላለችው እህታችን

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ፤ የአንድ ሐይቅ ልጆች ነን። ልጅ ሆነሽ ደብረ ዘይት ባቦጋያ ላይ በሸራ ጀልባ ስትጫወቺ አድገሽ፣ ከ24 ዓመት በኋላ ከውጭ ተመልሰሽ ገላን ቤት ይዘሻል። «እንደገና ልጀምር ብል ከየት ልነሳ? ጀልባ ላስመጣ ወይ? የድሮ ጓደኞቼንስ እንዴት ላግኛቸው? ዋና የማይችል ባል አለኝ፣ እሱንስ ምን ላድርገው?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ታሪካችንም አንድ ነው። ከባልሽ በቀር ሁሉንም አይቼዋለሁ። በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

1ኛ. ውሃው። ለገዳዲና ገፈርሳ ለከተማው ቅርብ ናቸው ብለሽ እንዳትሞኚ፤ የምንጠጣው ውሃ ነው፣ ጥበቃው ጀልባ ይቅርና እግርሽን አያስነክርሽም። ቆቃ ጉማሬና አዞ አለው። ላንጋኖ ሰፊ ነው፣ የከሰዓት ነፋሱም ደስ ይላል፣ ግን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በየሳምንቱ አትነጂም። ዞረሽ ዞረሽ ባቦጋያ ነው። በፈለግነው ቁልቁለት እየተንሸራተትን የምንገባበት ዳርቻ ዛሬ ሎጅና ሪዞርት ሆኗል። በር ላይ ከጥበቃ ጋር አትከራከሪ፤ ሥራ አስኪያጅ አስጠሪና በወር ክፍያ ተነጋገሪ።

2ኛ. ጀልባ ካስመጣሽ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አንቺው ተቆጣጠሪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ያስመጣሁት ሌዘር የሚባለውን ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ23፣ ቀፎው 59 ኪሎ፤ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ያነሰ። የእህቴ ባል አውሮፓ ውስጥ አሮጌ በ700 ዩሮ አግኝቶ ከሰው ዕቃ ጋር ኮንቴይነር ውስጥ አስገባልኝ። እግዜር ይስጠው። ግን ነገር ማሳመር ይወዳል፤ የዕቃ ዝርዝሩ ላይ «ያት» ብሎ ጻፈው። ያት! ቱጃሮች ሻምፓኝ የሚከፍቱበት ዓይነት።

መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም። ወረቀቱን የተቀበለችኝ ሴትዮ ቀና ሳትል «የመርከቡ መመዝገቢያ የታለ?» አለችኝ። መርከብ አይደለም እመቤቴ፣ መጫወቻ ናት፣ ሞተር እንኳን የላትም ብዬ በስልኬ ፎቶ አሳየኋት። ስልኬን በእጇ አልነካችውም። ጫፉ በፕላስተር በተጠቀለለ እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋችው። «ያት ይላል» አለች። ከዚያ ዞር ብላ «ባሕር የለን፣ የት ሊነዳው ነው?» ስትል ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ምላሴ አያርፍ፣ «ባቦጋያ 65 ሜትር ይጠልቃል፣ መርከብም ይበቃዋል» አልኳት። ያቺ መልስ አንድ ወር እንዳስጨመረችብኝ እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ላኩኝ። እነሱ ደግሞ «ይሄ እኛን አይመለከትም» አሉ። እሺ፣ አይመለከተንም የሚል ደብዳቤ ስጡኝ። «በማይመለከተን ጉዳይ ደብዳቤ አንጽፍም።» ይሄን ቀልድ እንዳይመስልሽ። ሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ስመላለስ አራት ወር አለፈ፤ የመጋዘን ኪራዩ ከጀልባዋ ዋጋ በለጠ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ትራንዚተር ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። አማቼ ዝርዝሩን አስተካክሎ እንዲልክ አደረገ፦ ያገለገለ፣ ሞተር የሌለው፣ ለአንድ ሰው የሚሆን የስፖርት ጀልባ፣ ርዝመቱ ይሄን ያህል፣ ክብደቱ ይሄን ያህል፣ ፎቶው አባሪ። እውነቱን ማለት ነው። በሁለት ቀን ወጣች።

አላለቀም። በአይሱዙ ጭኜ ሰፈር ስደርስ ጫኝና አውራጆች ከበቡኝ። «ገንዳ ነው?» አለ አንዱ። ሌላው ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳጥን ነው እንዴ? ነፍስ ይማር» አለኝ። ሳጥን አለመሆኑን ሲያውቁ ዋጋው ጨመረ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ለሁለት የምናወርደውን ዕቃ ዳር ቆሜ እያየሁ ከፈልኩ። ኮሚናሉ ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ለፋሲካ በግ የምናርድበት ቦታ ነው ብሎ ኮሚቴው ማስጠንቀቂያ ለጠፈብኝ።

3ኛ ብዬ ስለ ሸራ ልነግርሽ ነበር፣ ግን ነገሩ ሁሉ የተያያዘ ስለሆነ እንደመጣልኝ ልቀጥል። መጋዘን ውስጥ አይጥ ሸራውን በልቶታል። መርካቶ ድንኳን ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው መሬት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን ዞረውና፣ «የማን ዕድር ነው እንዲህ ሦስት ማዕዘን ድንኳን የሚተክለው?» አለኝ። (ቀጥ ያለ ስፌት እንዳትቀበዪ። ሸራው ሲወጠር ስፌቱ አብሮ መሳብ አለበት፣ ዚግዛግ ይሁን። የመጀመሪያው በአንድ ከሰዓት ተተረተረ።)

ዕድር ሲል ነው ነገሩ የበራልኝ። ፌስቡክ ላይ የትምህርት ቤታችንን ስም እየጻፍኩ ሁለት ዓመት ባክኛለሁ። እንዴት ይገኛሉ? የምንጠራራው ጭራሮ፣ ጎልያድ፣ ቀዩ እየተባባልን ነበር፤ የአባታቸውን ስም አላውቀውም። እናቶቻቸውን ግን አውቃለሁ። በማግስቱ ቢሾፍቱ ሄጄ የእናቴን የድሮ ዕድር ጸሐፊ ፈለግኩ። ጋሼ መዝገባቸውን በዘይት ወረቀት ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት። የእናቶቹን ስም እየጠራሁ እሳቸው በጣታቸው ወረዱ። የጭራሮ እናት ስልክ ወዲያው ተገኘ። ቀዩ ሐዋሳ ነው። የጎልያድ እናት ስም ጎን ግን በቀይ ተጽፏል፤ ለልጃቸው ቀብር የተከፈለ፣ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ስኳርና ቡና ይዤ ስድስት ዓመት የዘገየ ለቅሶ ደረስኩ። እናቱ አላወቁኝም። እንዲያስታውሱኝ ብዬ «የጎልያድ ጓደኛ ነኝ» ስላቸው፣ «ጎልያድ ማነው?» አሉኝ። ለካ በሰፈሩ ሁሉ የሚታወቅበትን ስም ሰምተውት አያውቁም። ከሁላችንም አጭር ስለነበረ ነው ስላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ ምሳ ካልበላህ አትወጣም አሉ። አንቺም መጀመሪያ ወደዚያ ሂጂ እልሻለሁ። ጀልባ ሳትገዢ።

ምክንያቱም እኔ ተገላቢጦሹን አድርጌ ምን እንደሆንኩ ስሚ። ጭራሮ ዛሬ 110 ኪሎ ነው። ዱከም የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ያስመጣኋት ጀልባ የአንድ ሰው ናት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለታችንም ካልወጣን ብለን ወጣን፣ ውሃው ጫፏ ላይ ደረሰ። ያንን ሐይቅ ታውቂዋለሽ፤ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፣ ነፋሱ ከገደሉ ጠርዝ እየወደቀ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ይመታል። ሲመታን «ገመዱን ልቀቅ!» እላለሁ፣ እሱ ጭራሽ አጥብቆ ያዘው። ተገለበጥን። ከሥር የምትሰካዋ ሳንቃ ላይ ሲቆምባት ግን ጀልባዋ እንደ በር ቀና አለች። የኪሎው ጥቅም እሷ ብቻ ናት።

አሁን ሱቁ ውስጥ ሁለተኛ እየሠራን ነው። ሚረር ይባላል፤ 3 ሜትር ከ30፣ ሁለት ሰው ይይዛል። እንግሊዝ አገር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተራ ሰው ጓሮው እንዲሠራው ተብሎ የተነደፈ ነው። ኮምፔንሳቶውን ቆርጠሽ በመዳብ ሽቦ ትሰፊዋለሽ፣ ስፌቱን በፋይበርግላስና በሙጫ ትደፍኚዋለሽ። ያለ ማንም ደብዳቤ። ጭራሮ ደንበኛ ሲመጣ «የልጅ አልጋ ነው» ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ውጭ በባሕር ዳርቻ የለመድሽው ነፋስ እዚህ ጉልበቱ ያንሳል። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ በስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ረሳሁት፣ ችሎታዬ ጠፋ ብለሽ እንዳታዝኚ፤ እኔ አንድ ወር ሙሉ ራሴን ስወቅስ ነበር። ጠዋት ደግሞ አትምጪ፣ ውሃው እንደ መስተዋት ነው።

ባልሽን አምጪው። ግን ላይፍ ጃኬት በልኩ ከራሳችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ያለን ሁለት ብቻ ነው፣ አንደኛው በጭራሮ ልክ ተቀጥሎ የተሰፋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ እዚያው ነን። ቦታውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። በር ላይ ጥበቃው ከጠየቀሽ «የጭራሮ እንግዳ ነኝ» በይው፤ ትክክለኛ ስሙን እሱም አያውቀውም።