ጎሚኒውን ቁረጠው፣ ጌጡን አትርፈው

ጥያቄ፦ የ1967 ሞዴል ቮልስ አለኝ። ሙሉ ቀለም ላስቀባት ነው። ቀለም ቀቢው መስታወቶቹ ካልወጡ አልነካትም አለኝ። የፊት መስታወቱ ጎሚኒ ግን ድንጋይ ሆኗል። ጎሚኒው ውስጥ የተሰካውን የሚያብረቀርቅ ጌጥ በካቻቪቴ ላንሳ ብዬ ስሞክር ጫፉ ተጣመመብኝ። እንዴት ላውጣው? ጎሚኒውንስ ተጠንቅቄ ባወጣው መልሶ ያገለግለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካቻቪቴውን ወደ ቦታው መልስ።

ጎሚኒውን እርሳው፣ አያገለግልም። ያን ሁሉ ዓመት ፀሐይና ኦዞን ሲበላው የኖረ ጎማ አንዴ ከደረቀ ደረቀ ነው፤ ቅባት ብትቀባው ላዩ ያምር ይሆናል እንጂ አይለሰልስም፣ መልሰህ ብትገጥመውም ወይ ይቀደዳል ወይ ውሃ ያስገባል። እንደሚጣል ካወቅክ ደግሞ ሥራው በግማሽ ይቀላል፤ መቁረጥ ትችላለህ። ግን አዲሱ እጅህ ሳይገባ ቢላ አታንሳ። ለቮልስ የጌጥ ቦይ ያለውም የሌለውም ጎሚኒ አለ፣ አንተ የሚያስፈልግህ ቦይ ያለው ነው። ከአሮጌው ቁራጭ አስቀርተህ ከአዲሱ ጋር አስተያየው።

አሁን ጌጡ። የቮልስ ጌጥ ስስ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱም ጠርዞቹ በጎሚኒው ከንፈር ተይዘዋል፣ ስለዚህ ከአንድ ጫፍ ስትፈነቅለው ከመውጣቱ በፊት ይታጠፋል። ያንተም የሆነው ይኸው ነው። በመጀመሪያ መጋጠሚያውን የምትሸፍነውን ትንሽ ክሊፕ ወደ ጎን አንሸራት። ቀጥለህ በስለታም ከተር፣ ስለቱን ወደ መስታወቱ አዙረህ (ወደ ቀለሙ ወይም ወደ ላሜራው አይደለም)፣ ጌጡን የያዘውን ከንፈር ዙሪያውን ቁረጥ። ከዚያ በጣትህ፣ ከተያዘብህም በእንጨት ሽብልቅ፣ ስንዝር በስንዝር እያነሳህ ዙር። አትጎትት። የወጣውን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ እሰረው፤ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ጌጥ ሰው ሲያልፍ ይረገጣል።

የተጣመመውን ጫፍ ጣውላ ላይ አስተኝተህ በድቡልቡል እንጨት ቀስ እያልክ ተጫነው። አሉሚኒየም በኃይል ከታጠፈ ግን ምልክቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሌላ መኪና ጌጥ ከሆነ ማግኔት አስጠጋበት፤ ከያዘ አሉሚኒየም አይደለም። ካልያዘ ግን አሉሚኒየም ነው ብለህ አትደምድም፣ ማግኔት የማይዘው የማይዝግ ብረትም አለና።

መስታወቱን ለማውጣት የውጩን ከንፈር ሙሉ በሙሉ ቆርጠህ ጣለው። አንድ ሰው ውጭ ይጠብቅ፣ አንተ ውስጥ ሆነህ ከላይኛው ማዕዘን ጀምረህ በመዳፍህ ግፋ። በእግራቸው የሚገፉ አሉ፣ እኔ ሳያቸው እንኳ ይጨንቀኛል። ጠርዙን በብረት አትንካ። ባለ ሁለት ንብርብሩ መስታወት ከጠርዙ ይሰነጠቃል፤ በሙቀት የጠነከረው ደግሞ ጠርዙ ከተመታ በአንዴ ይረግፋል። ጓንትና መነጽር አድርግ።

ሲወጣ ከሥሩ ዝገት ብታገኝ አትደንግጥ፣ በተለይ በታችኞቹ ማዕዘኖች፤ ውሃው የሚተኛው እዚያ ነው። በደንብ ፍቀህ ፀረ ዝገት አስቀባውና ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትግጠም።

ስትገጥም ጎሚኒውን መስታወቱ ላይ አልብሰው፣ ላሜራው የሚገባበት ቦይ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲባጎ ዙሪያውን አስገባ፣ የሳሙና ውሃ ቀባው። ዘይትና ግራሶ አታስጠጋው፣ ጎማውን ያበላሸዋል። ጓደኛህ ከውጭ ሲጫን አንተ ከውስጥ ሲባጎውን ትስበዋለህ፣ ከንፈሩም ላሜራውን ተሻግሮ ይገባል። ጌጡን ግን መስታወቱ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ ስካው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ መስታወቱ ከገባ በኋላ ልሰካ ብዬ ግማሽ ቀን ታግዬ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ።