2.4 ኪሎ? መጀመሪያ ሳምንቱን ንገሪኝ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! «ልጄን በ36 ሳምንት ወለድኳት፤ 2.4 ኪሎ ናት። የእህቴ ወንድ ልጅ ግን 3.3 ነበር። ምን አጉድዬባት ነው?» ብለሻል። ምንም አላጎደልሽባትም። አዋላጅ ነኝ፤ ይህን ጭንቀት ከብዙ እናቶች ሰምቼዋለሁ።

ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ሁሉ «ዝቅተኛ ክብደት» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ግን ቀኑ ሳይደርስ የመጣውንና ማህፀን ውስጥ እድገቱ የተጎተተውን አይለይም። ስለዚህ በሳምንትና በጾታ የተለየ ሰንጠረዥ እናያለን። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንተርግሮውዝ 21 የተባለው ሰንጠረዥ ኬንያን ጨምሮ በ8 አገሮች ከጤናማ እናቶች በተወለዱ ልጆች ላይ ተመሥርቶ ተሠራ። ከ10ኛው ፐርሰንታይል በታች የሆነ፣ ማለትም በእኩል ሳምንት ከተወለዱ 100 እኩያ ጾታ ልጆች በክብደት ከመጨረሻዎቹ 10 ውስጥ የሚገባ ልጅ «ለሳምንቱ ትንሽ ነው» ይባላል። ያንቺ ልጅ ከዚያ መስመር በላይ ናት። በ40 ሳምንት 2.4 ብትሆን ኖሮ ግን በታች ትሆን ነበር፤ እኛም ምክንያቱን እንፈልግ ነበር። በዚያ ላይ ወንዶች በእኩል ሳምንት ከሴቶች ወደ 100 ግራም ገደማ ይከብዳሉ። የእህትሽን ልጅ ተዪው።

እኔ ይልቅ የምጠይቅሽ 36 ሳምንቱ እንዴት እንደተቆጠረ ነው። ሁለት ሳምንት ከተዛባ የምናየው መስመርም ይለወጣል። ከሁሉ የሚታመነው ከ14 ሳምንት በፊት የተነሣሽው አልትራሳውንድ ነው። መውለጃ ሲቃረብ የሚነሣው ዕድሜውን የሚገምተው ከልጁ መጠን ነው፤ እድገቱ የተጎተተ ልጅ ገና ቀኑ ያልደረሰ ሊመስል ይችላል። በወር አበባ ከሆነ የተቆጠረው፣ የመውለጃውን ቀን ለማግኘት በእኛ አቆጣጠር የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል። መሃል ላይ ጳጉሜ ካለፈች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ነው። ጳጉሜን የሚረሳ ብዙ ነው!

ክብደቷ ደህና ቢሆንም ቀኗን አልጨረሰችም፤ እሱን አትዘንጊ። ገላ ለገላ ደረትሽ ላይ አድርጊያት። ብትተኛም በየ2 እና 3 ሰዓቱ ቀስቅሰሽ አጥቢያት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ብትቀንስ አትደንግጪ፤ አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ይመልሱታል። ጡት እምቢ ካለች፣ ሰውነቷ ከቀዘቀዘ ወይም መዳፏና የውስጥ እግሯ ቢጫ ከሆነ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጃት።

የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ወረቀት ካለሽ ቀኑንና ሳምንቱን እዚሁ ጻፊልኝ፤ አብረን እንቆጥረዋለን።