መጠኑን አትጨምሪ፣ መጀመሪያ አንጀትሽ ይሙላ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። «ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሁለት ፍሬ ቢሳኮዲል (አንጀትን የሚያነቃቃ የሆድ ድርቀት ክኒን) እየዋጥኩ ነው። ካልዋጥኩ ምንም አይመጣም። ሦስት ላድርገው ወይ?» ነው ያልሽው። አታድርጊው። እኔ አድርጌዋለሁ፤ ምን እንዳተረፍኩ ልንገርሽ።

እኔን ያደረቀኝ ለደም ማነስ የታዘዘልኝ የአይረን ክኒን ነበር። በጀመርኩ በሳምንቱ ሽንት ቤት መግባት ምጥ ሆነብኝ። የሚወጣውም እንደ ጠጠር ነው። ለሰው ማውራት አፈርኩና በራሴ ፈቃድ ቢሳኮዲል ገዛሁ። ማታ አንድ ፍሬ ዋጥኩ፣ ባለ 5 ሚሊግራሟን። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ጊዜ ትፈልጋለች። እኔ ግን ሁለት ሰዓት ጠብቄ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ሌላ ሁለት ደረብኩባት። ሊነጋጋ ሲል ሆዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ላቤ እየተንቆረቆረ፣ የሽንት ቤቱን ግድግዳ እንደተደገፍኩ ነጋ። ያለው ሁሉ ወጣ። ቀለለኝ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማግስቱ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀንም የለም። «ይኸው ደረቅሁ» ብዬ እንደገና ዋጥኩ። እንዲህ እያልኩ ወር ሞላኝ። ሌላ ፓኬት ልገዛ ስሄድ ፋርማሲስቷ «ሆድሽ እኮ ባዶ ነው፤ ምን እንዲወጣ ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ። ክው አልኩ። መድኃኒቱ አንጀትን ጠርጎ ካወጣ በኋላ እንደገና እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ያ ድርቀት አይደለም። እኛ ግን እንደነግጥና ሌላ ክኒን እንውጣለን፤ ገና የተጠራቀመችውን ትንሿን ይጠርጋታል፤ ደግሞ ባዶ። በዚያ ላይ በየቀኑ መውጣት አለብኝ የሚል አባዜ ነበረብኝ። ሳይደርቅና ሳያስምጥ ከሆነ በሳምንት ሦስቴም ቢሆን ጤና ነው።

ቢሳኮዲሉን አስትታኝ ላክቱሎዝ ሽሮፕ ሰጠችኝ። ይኼኛው አንጀትን አይገርፍም፤ ውኃ ወደ አንጀት ስቦ ሰገራውን ያለሰልሳል። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት ይፈጃል። ጣፋጭነቱ ያንገሸግሻል። ሆድም ይነፋል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ሰው መሃል መቀመጥ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። አይረኑን ደግሞ ሐኪሜን ሳላማክር እንዳላቆም አስጠነቀቀችኝ። ሐኪሙ በየሁለት ቀኑ አንድ እንድወስድ አደረገልኝ፤ ግማሹ ችግር በዚያው ቀለለ።

ሌላው የጠቀመኝ ነገር ሊያስቅሽ ይችላል፤ በርጩማ ነው። ሽንት ቤት ስቀመጥ እግሬን ትንሽ በርጩማ ላይ አሳርፋለሁ። ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል መውጫው ይቃናል፤ ማማጥ ይቀንሳል። ሰዓቱም ከቁርስ በኋላ ነው፤ ሆድ ምግብ ሲገባበት ትልቁ አንጀት ራሱ ይነቃነቃል። ሲመጣብሽ ደግሞ «ቆይ በኋላ» አትበይው፤ በቆየ ቁጥር ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል።

አሰር (ፋይበር) ያለበትን ዱቄት ሞክሪ የሚሉሽ ይኖራሉ። ጥሩ ነው፣ ግን በደንብ ውኃ ካልጠጣሽበት አንጀት ውስጥ ተጋግሮ ራሱ ይዘጋሻል። ቢሳኮዲልም አንድ ቀን ከፈለግሽው አትሰባብሪው፤ በወተትም ሆነ ከጨጓራ አሲድ ማስታገሻ ጋር አትውሰጂው። ሽፋኑ አንጀት ሳይደርስ ጨጓራ ውስጥ ይሟሟና ያቃጥልሻል።

ደም ካየሽ፣ ሳትፈልጊ ከከሳሽ፣ ካስመለሰሽ፣ ወይም ሆድሽ ተነፍቶ ፈስ እንኳ አልወጣ ካለሽ ግን የእኔን ምክር ተይውና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

አንድ ነገር አልጻፍሽም፦ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? አይረን፣ የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ፣ የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊን፣ ሁሉም ያደርቃሉ። እሱን ንገሪንና እንቀጥላለን።