ከሜዲካል ዋርድ ወደ ልብ ክትትል ክሊኒክ፦ ተበድሬ ኮርስ ልውሰድ ላለችው ነርስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ጉዳዩን ባጭሩ ልንገራቸው። ጠያቂያችን በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ሜዲካል ዋርድ ሁለት ዓመት የሠራች የዲግሪ ነርስ ናት። ሆስፒታሉ ለልብ ክትትል ክሊኒክ ከራሱ ሠራተኞች መካከል ነርስ ለመመደብ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ፈተናው የቃልና የተግባር ነው። «ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አላውቅም፣ ኢሲጂም (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሳየውን ምርመራ) በደንብ አላነብም፣ አብረውኝ የሚወዳደሩት የኤሲኤልኤስ (የልብ ሕይወት አድን ሥልጠና) ሰርተፍኬት አላቸው። ተበድሬ ኮርስ ልውሰድ ወይስ ይሄን ትቼ ለማስተርስ ልዘጋጅ?» ትላለች። ውጭ አገር የመሄድ ሐሳብም አላት።

አትበደሪ። ማስታወቂያው ሳይዘጋ ግን ተመዝገቢ።

ኤሲኤልኤስ ጥሩ ሥልጠና ነው፤ ሆስፒታልሽ ባዘጋጀ ጊዜ ስምሽን ከፊት አስመዝግቢ። ነገር ግን ልቡ ሊቆም የደረሰን ወይም የቆመን ሰው ለማትረፍ የሚሰጥ ትምህርት ነው። የክትትል ክሊኒክ ነርስ የምትፈለገው በሽተኛው እዚያ እንዳይደርስ ነው። ኢኮውን የሚሠራው ሐኪም አለ። ከኢሲጂ ለመነሻ ያህል መደበኛውን ምት፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን (ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሳውን የተዘበራረቀ ምት)፣ በጣም የዘገየውንና ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሳውን ፈጣን ምት ለይተሽ ሐኪም መጥራት ከቻልሽ ይበቃሻል። የቀረውን እዚያው እየሠራሽ ትማሪዋለሽ። ፈታኞችሽ ልምድ ያላቸው ከሆኑ ማየት የሚፈልጉት የልብ ድካም ያለበትን፣ ማለትም ልቡ ደም በበቂ መግፋት ያቃተውን ሰው እንዴት እንደምትጠይቂ፣ እንዴት እንደምትነኪና ወደ ቤቱ ምን አስይዘሽ እንደምትሸኚው ነው። ይህንን ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በእጅሽ ስትሠሪው ኖረሻል፤ የጎደለሽ በቃል ማስረዳቱ ነው።

ከጥያቄው እንጀምር። መማሪያው «በስንት ትራስ ትተኛለህ?» ብለሽ ጠይቂ ይላል። መደብ ላይ ጋቢ አጣጥፈው ለሚተኙ የገጠር አባት ይህ ጥያቄ ምንም አይነግራቸውም፤ «በአንድ» ይሉሽና ቻርቱ ላይ «ችግር የለም» ተብሎ ይጻፋል። «አባባ፣ ሌሊቱን ጋደም ብለው ነው ወይስ ግድግዳ ተደግፈው የሚያድሩት? እንቅልፍ ከወሰደዎት በኋላ አፍኖ የሚያስነሳዎት፣ አየር ፍለጋ ደጅ የሚያስወጣዎት ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ አስታማሚዋን እያት። ባለቤታቸው ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን የምትነግርሽ እሷ ናት።

የአቅም ደረጃውም እንዲሁ ነው። የኒውዮርክ የልብ ማኅበር አራት ደረጃዎች አሉት፤ የመጀመሪያው የዕለት ሥራ ምንም የማያደክመው፣ አራተኛው ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ነው። በፈተናው አራቱን መዘርዘር ቀላል ነው። አንቺ ግን «ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ወይም እስከ መስጊድ ሲሄዱ ስንት ጊዜ ቆመው ያርፋሉ? ያለፈው ዓመት በዓልስ ጊዜ እንዴት ነበሩ?» ብለሽ እንደምትለይው ብትነግሪያቸው ከሌላው ትለያለሽ። የጊዜ ንጽጽሩ ወሳኝ ነው፤ ብዙ ሰው ቀስ በቀስ ሥራውን እየቀነሰ ስለሚሄድ ድካሙ አይታወቀውም።

የእግር እብጠት ስታዪ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ የቅልጥሙ አጥንት ላይ በአውራ ጣት ቢያንስ አምስት ሰከንድ ተጫኚና ጉድጓዱ እስከ የት እንደሚደርስ ጻፊ። ብዙ ቀን አልጋ ላይ የዋለ ሰው እግሩ ጎደለ ብለሽ አትደሰቺ፤ ውኃው ወደ ወገቡ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል አገላብጠሽ ወገቡን ተጫኚ። የአንገት ደም ሥር የሚታየው አልጋው ወደ 45 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። የሰውነት መጥቆርና ሰማያዊ መሆንን በጥቁር ቆዳ ላይ ከመፈለግ ምላስና ድድ ማየት ይሻላል። እጅና እግሩን ዳሺ፤ የቀዘቀዘ እጅ፣ ዝቅ ያለ ቢፒ (የደም ግፊት) እና ግራ የገባው በሽተኛ አንድ ላይ ከመጡ ቫይታል ሳይን (ግፊት፣ ምት፣ ትንፋሽና ሙቀት) ለክተሽ እስክትጨርሺ አትጠብቂ፣ ሐኪም አስጠሪ። የልብ ምትን ደግሞ አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት በሁሉም ዋርድ የተለመደ አሠራር ነው። ምቱ ለተዘበራረቀ ሰው አይሠራም። በስቴቶስኮፕ ደረት ላይ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፣ ከእጅ አንጓው ጋር አስተያዪ፤ ልዩነት ካለ ልዩነቱ ራሱ ይመዝገብ።

በተግባር ፈተናው «ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት እያቃሰተ የመጣ በሽተኛ አለ፣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ የማይቀር ነው። ቀና አድርገሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ቢፒው ካልወረደ እግሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ታንጠለጥያለሽ። ኦክስጅን የምትሰጪው ፐልስ ኦክሲሜትሩ (ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ) ከ90 በመቶ በታች ሲያሳይ ነው፤ ለሁሉም በደመ ነፍስ አይከፈትም። የደም ሥር መስመር ትከፍቺለታለሽ፣ ግን ግሉኮስ ወይም ሳላይን በልማድ አታስገቢም። ላሲክስ (ውኃን በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት) ታዞ ከተሰጠ በኋላ ሥራሽ አላለቀም፤ ሽንቱን በሰዓት እየለካሽ ነው የምታድሪው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት በየሰዓቱ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር እየወጣ ካልሆነ መድኃኒቱ አልበቃውም ማለት ነውና ተረኛውን ሐኪም ቀስቅሺ። ይህን ቁጥር አውቀሽ ከነገርሻቸው ሰርተፍኬት የሚጠይቅሽ አይኖርም።

አሁን ወደ ክሊኒኩ ዋና ሥራ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። በሽተኞቻችን ተመልሰው የሚተኙት ብዙ ጊዜ መድኃኒት ስላልታዘዘላቸው አይደለም፤ የታዘዘውና የተመከረው ከኑሯቸው ጋር ስላልገጠመ ነው። «ጨው ቀንሱ» ይባላሉ፤ እሺ ብለው ወጥ ላይ ጨው መጨመር ይተዋሉ። በርበሬው ግን ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንደዚያው። ስለዚህ ምክሩ ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ባልትናውን ለምታዘጋጀው ሰው መድረስ አለበት፦ የእሳቸው በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ለብቻው ይፈጭ።

ላሲክስን ተመልከቺ። ከሩቅ ወረዳ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሮ ለቀጠሮ የሚመጣ ሰው መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግረው ኪኒኑን ሳይውጥ ይመጣል። አብጦ ሲታይ «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ ዶዙ ከፍ ይላል። «ዛሬ ጠዋት ወስደዋል?» የምትለዋን ጥያቄ ሐኪሙ ጋ ከመግባቱ በፊት አንቺ ከጠየቅሽው ስህተቱ እዚያው ይቀራል። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የጉዞ ቀን ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል፤ መዝለሉ ግን ጥሩ አይደለም። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩትንና በረመዳን የሚጾሙትንም እንዲሁ ሰዓቱን አስቀድመሽ አስተካክዪላቸው፤ ካልጠየቅሻቸው አይነግሩሽም። ጸበል የሚሄዱ ካሉ አትከራከሪያቸው። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ ውኃ እንዲመጥኑ የታዘዙ ከሆነም ጸበሉ ከዚያው መጠን ውስጥ እንደሚቆጠር ንገሪያቸው። ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ ገዝተው የሚውጡትን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በስማቸው ጠይቂ፤ ውኃ ይይዛሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ።

የክብደት ነገር ፈተናው ላይ መምጣቱ አይቀርም። በየቀኑ ጠዋት ሽንት ከተሸና በኋላ፣ ምግብ ከመቀመሱ በፊት፣ በተመሳሳይ ልብስና በዚያው ሚዛን። በሦስት ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መምጣት ነው፤ አንድ ኪሎ ወደ አንድ ሊትር ውኃ ነውና ሥጋ ሆኖ አይደለም የጨመረው። ሚዛን የሌለው ቤትስ? ከተማ ከሆነ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ፣ ያንኑ አንዱን ልጅ ደንበኛ ማድረግ ነው። ገጠር ከሆነ የቀበቶ ቀዳዳና የጫማ መጥበብ ይጠቅማል፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ ጤና ኬላ። ሲጨርሱ «እማማ፣ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» ብለሽ አስደግሚያቸው። በራሳቸው አፍ መልሰው ካልነገሩሽ አልገባቸውም።

መድኃኒቶቹን ሳላነሳ አላልፍም። ዲጎክሲን (የልብን ግፊት የሚያበረታና ምቱን የሚያዘገይ መድኃኒት) ከመስጠትሽ በፊት የልብ ምቱን ሙሉ ደቂቃ ትቆጥሪያለሽ፤ ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን ሳትሰጪ ሐኪሙን ትጠይቂያለሽ። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽና የዓይን መደብዘዝ ወይም ቢጫ ማየት የመመረዝ ምልክት ነው፤ ላሲክስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ሲያወርድ አደጋው ይብሳል። ሌሎቹ የልብ ድካም መድኃኒቶች ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ሲሰጡ ደግሞ ፖታሲየሙ በተቃራኒው ከፍ ሊል ስለሚችል የላብራቶሪ ቀጠሮው እንዳይረሳ።

አገራችን ላይ ደግሞ ክሊኒኩ በሽማግሌዎች ብቻ የተሞላ አይደለም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የጀመረ የሩማቲክ የልብ በሽታ ያለባቸው ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ወረፋ ይዘው ታገኛለሽ። በሽታው እንዳያገረሽ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በአብዛኛው የሚሰጠው በነርስ እጅ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ምክር የልብ ቫልቫቸው (የደሙ መተላለፊያ በር) ክፉኛ ለተጎዳ ወይም የልብ ድካማቸው ለከበደ በሽተኞች የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲመረጥ ያስገነዝባል፤ መርፌው ራሱ ሳይሆን ሕመሙና ድንጋጤው የደከመ ልብን ሊጥል ስለሚችል ነው። እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲመጣብሽ ከመወጋቱ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ያንቺ ድርሻ ነው። ወጣት ሴቶችን ደግሞ ስለ እርግዝና ለብቻቸው አድርገሽ ጠይቂ፤ ኢናላፕሪል ለጽንስ አደገኛ ነው፣ የቫልቭ ጥበት ያለባት እናት ራሷም በእርግዝና ሕመሟ ሊባባስባት ይችላል። አማት አጠገብ ቆማ ይህ ጥያቄ መልስ አያገኝም።

ለፈተናው አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። የዋርድ ኃላፊሽን አስፈቅጂና ባለፈው ወር በልብ ድካም የተኙ በሽተኞችን ቻርት ገልብጪ። ዕለታዊ ክብደት የተመዘገበላቸው ስንቶቹ ናቸው? የገባና የወጣ ፈሳሽ ተደምሮ የተዘጋላቸውስ? የማንንም ስም ሳታነሺ ግኝቱን በአንድ ገጽ ጻፊና ይዘሽ ግቢ። ሆስፒታሎቻችን የጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት በየጊዜው ስለሚጠየቁ ፈታኞችሽ ወረቀቱን ችላ አይሉትም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ሳትጠይቂ አትፈርሚ። ክሊኒክ የቀን ሥራ ነው፤ የሌሊትና የበዓል ተረኝነት ክፍያሽ ሊቀር ይችላል። በእሱ ቤት ኪራይ የምትከፍዪ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለምና በወር ሁለት ሦስት ተረኝነት ዋርድ ላይ መሸፈን ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመሽ ከነርሲንግ ዳይሬክተሯ ጋር ተነጋገሪ። አይፈቀድም ካሉሽና ኑሮው ካልቻለልሽ ዋርድሽ ላይ መቆየትሽን የሚነቅፍ ምክር ከእኔ አትሰሚም።

ማስተርሱ ይቆይ። የአዋቂዎች ጤናም ሆነ የድንገተኛና የፅኑ ሕክምና ነርሲንግ ብትመርጪ፣ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ዓመት ከሠራሽ በኋላ የመመረቂያ ጥናትሽን ርዕስ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ውጭ አገርን በተመለከተ፣ አሜሪካ ኤንክሌክስ የተባለው የነርስነት ፈቃድ ፈተና ሳይታለፍ ምንም የለም፤ የልብ ድካም ነርሶች ልዩ ማረጋገጫ የሚመጣው ከዚያ በኋላ በዘርፉ ከሠሩ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀጣሪዎችም የሚያጣሩት ሰነድና የክፍል ልምድ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሥራ ልምድ ማስረጃ ባወጣሽ ቁጥር «ነርስ ሆና አገልግላለች» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍልሽ፤ ክፍሉ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሠራሽና ሙሉ ሰዓት መሆኑ ይግባበት። ሜዲካል ዋርድ የሠራሽበትን የሁለት ዓመት ደብዳቤ ደግሞ ዝውውሩ ከመጽደቁ በፊት ከሰው ኃይል አስጽፈሽ ተቀበዪ፤ ኃላፊዎች ሲቀያየሩ ፋይል ማስፈለግ ወራት ይፈጃል።