መጀመሪያ ወሩን ንገሩኝ፦ ስለ ባሕር ዳርቻና ስለ ተፈጥሮ ጉዞ ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለዕረፍት ከአገር ለሚወጡ ሰዎች መንገድ ማማከር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። "ያላችሁን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ወራቱንም ዓመቶቹንም የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ትኬት ስትቆርጡ የሚያጋጥማችሁ እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ባሕር አይቼ አላውቅም። አንድ ቦታ ብቻ ምረጥልኝ ብልህ የት ትልከኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመምረጤ በፊት እኔ ልጠይቅህ። ፈቃድህ በየትኛው ወር ነው? አብዛኛው ሰው ፎቶ አይቶ ቦታ ይመርጥና በተመቸው ወር ይሄዳል። ከዚያ ሰባት ቀን ሙሉ ዝናብ በመስኮት ሲያይ ይከርማል። ቦታው አልዋሸም፤ ወሩ ነው የተሳሳተው።

ታይላንድን እንይ። ፉኬትና ክራቢ ያሉት በምዕራቡ ዳርቻ ነው። እዚያ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ባሕሩ ጸጥ ይላል። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ደግሞ ሞንሱን የሚባለው ዝናብ ያዘለ ወቅታዊ ነፋስ ይመጣና ውሃው ይናወጣል። ሳሙይ ደሴት ግን በሌላኛው ወገን ናት፤ ከባዱ ዝናቧ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። እንግዲህ በጁላይ የሚሄድ ሰው ፉኬትን ትቶ ሳሙይ ቢገባ ይሻለዋል። አገሩ አንድ ነው፣ ዳርቻው ግን ሁለት ዓይነት። ወርህን ጻፍልኝና እመለስልሃለሁ።

ጥያቄ፦ ዛንዚባር በምሥራቁ ዳርቻ ሆቴል ይዘናል። አንድ ሰው "ባሕሩ ይጠፋል" አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ። ግን አትደንግጪ፤ ተመልሶ ይመጣል።

እኔም የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። በዚያው በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄ ላይ፣ ጠዋት የዋኘሁበት ውሃ ነበር። ትንሽ ተኝቼ ስነሳ ባሕሩ የለም። እርጥብ ነጭ አሸዋ፣ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍኑ ኩሬዎች፣ የታሰሩ ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመው። ማዕበሉ የሚሰበርበት መስመር ከሩቅ እንደ ነጭ ክር ይታያል። በመሀሉ ሴቶች አጎንብሰው በተተከሉ አጫጭር እንጨቶች መካከል በገመድ ላይ ያበቀሉትን የባሕር አረም ይለቅማሉ። እኔ "ባሕሩ ጠፋ" ብዬ የተከፋሁበት ሰዓት ለእነሱ የሥራ ሰዓት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጨረቃና የፀሐይ ስበት ውሃውን በቀን ሁለት ጊዜ ያስሞላዋል፣ ሁለት ጊዜ ያጎድለዋል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበረታል። የምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ ወለሉ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል እጅግ ሩቅ ይሸሻል። ሆቴላችሁን የታይድ ሰንጠረዥ፣ ማለትም ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን፣ ጠይቁ፤ ዋናውን ውሃው በሚሞላበት ሰዓት፣ የእግር ጉዞውን በሚጎድልበት ሰዓት አድርጉት። ጫማ ግን አድርጉ፤ ኩሬዎቹ ውስጥ እሾሃማ የባሕር ፍጥረት አለ። "ቀኑን ሙሉ መዋኘት አለብኝ" የምትሉ ከሆነ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑንግዊና ኬንድዋ ሂዱ። ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ ያለውን ረጅም ዝናብ ግን ሽሹት።

ይህን ነገር በጣም የወደደ ሰው ካናዳ የሚገኘውን የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ በዕቅዱ ያስገባ። በዓለም ከፍተኛው የውሃ ልዩነት እዚያ ነው፤ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ሆፕዌል ሮክስ በሚባለው ቦታ በባሕሩ ወለል ላይ በእግራችሁ ትሄዳላችሁ። ስድስት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ደግሞ በዚያው ቦታ ካያክ በምትባል ትንሽ ጀልባ ትቀዝፋላችሁ።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። ባሕር ዳርቻ ሄጄ ምን ልሠራ ነው?

መልስ፦ ብዙ ነገር! ሙት ባሕር ለአንተ የተፈጠረ ነው። ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ጨዋማነቱ ከተራ ባሕር ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ውሃ ነው። በጀርባህ ተንጋለል፤ ራሱ ይይዝሃል። በደረትህ ግን አትተኛ፣ ውሃው ዓይንህ ከገባ አይጣል ነው። ከመግባትህ በፊት ባለው ቀን ጺምህን አትላጭ፤ ለምን እንዳልኩህ ቆዳህ ይነግርሃል።

በሌላ ባሕር ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ማዕበሉ ግራና ቀኝ እየተሰበረ መሀሉ ጸጥ ያለ መንገድ ካየህ፣ "እዚህ ይሻላል" ብለህ እንዳትገባ። ብዙ ጊዜ ያ ጸጥታ ውሃው ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ጅረት ነው። ከያዘህ ወደ ዳር አትታገለው፤ ያደክምሃል። ለመንሳፈፍ ሞክር፣ እጅህን አውጥተህ ጥራ። መዋኘት የሚችል ሰው ከዳርቻው ጋር ትይዩ እየዋኘ ይወጣል። አይስላንድ ሬይኒስፍያራ የሚባል ጥቁር አሸዋ አለ፤ እጅግ ውብ ነው። ግን ሳይታሰብ በድንገት የሚመጣ ትልቅ ማዕበል ሰው ወስዷል። እዚያ ለፎቶ ብለህ ጀርባህን ለባሕሩ አትስጥ።

ጥያቄ፦ ማልዲቭስ የሀብታም ብቻ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ወደ 1,200 ከሚጠጉት ደሴቶች ሰው የሚኖርባቸው 200 ገደማ ናቸው፤ ከ2009 ገደማ ወዲህ በእነዚህ ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያዎች በዝተዋል። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። ሕዝቡ ሙስሊም ስለሆነ መንደር ውስጥ ሸፈን ብሎ መልበስ ይገባል፤ ለዋና ልብስ የተከለለ ዳርቻ አላቸው።

ጥያቄ፦ ቪክቶሪያ ፏፏቴ ወይስ ኢጉዋሱ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስድስት ሰው ጠይቆኛል። ቪክቶሪያ 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ 108 ሜትር የሚወርድ አንድ ወጥ መጋረጃ ነው። ውሃው የሚበረታው በኤፕሪል ነው፤ ያኔ ግን ጉሙ ራሱ ፏፏቴውን ይጋርድባችኋል። ትሰማላችሁ፣ ትበሰብሳላችሁ፣ አታዩም። በኦክቶበርና በኖቬምበር ደግሞ በዛምቢያ በኩል ደረቅ ገደል ሊጠብቃችሁ ይችላል። ጁን ወይም ጁላይ ልኩ ነው።

ኢጉዋሱ ወደ 275 ፏፏቴዎች በጫካ ውስጥ የተበተኑበት ነው። በአርጀንቲና በኩል አጠገባቸው ትደርሳላችሁ፣ በብራዚል በኩል ሁሉንም በአንድ እይታ ታያላችሁ። ለእኔ ኢጉዋሱ ይበልጣል። አንድ ቀን ግን አይበቃውም።

ጥያቄ፦ ክሮኤሺያ ፕሊትቪሴ ሐይቆች ውስጥ መዋኘት ይቻላል?

መልስ፦ ከ2006 ጀምሮ ክልክል ነው። 16ቱን ሐይቆች የሚለያዩት ግድቦች ሰው የሠራቸው አይደሉም፤ ሞስ በሚባል ለስላሳ አረንጓዴ ተክል ላይ ኖራ እየተጋገረ ያደጉና አሁንም እያደጉ ያሉ ናቸው። በእግር መረገጥ አይችሉም። በእንጨት ድልድዩ ላይ ሆናችሁ እዩ፣ ዋናውን ለአድሪያቲክ ባሕር አቆዩት።

ጥያቄ፦ እኛ ቱሪስቶች ቦታውን እያጠፋነው አይደለም ወይ?

መልስ፦ ይህን የጠየቅሽ እህቴ፣ ተባረኪ። ታይላንድ ውስጥ ማያ ቤይ የሚባለው ቦታ በፊልም ታወቀና በቀን ሺዎች ይገቡበት ጀመር። የጀልባ መልሕቅ ኮራሉን፣ ያን ድንጋይ የሚመስል የባሕር ፍጥረት፣ ፈጨው። በጁን 2018 ዘጉት። ሰዎች ኮራል በእጃቸው እየተከሉ ጠበቁ፤ ትንንሾቹ ሻርኮች ተመለሱ። በጃንዋሪ 2022 ሲከፈት ጀልባ ከፊት ለፊት እንዳይገባ ተደርጎ ነው። ዕረፍት ከተሰጠው ባሕር ያገግማል፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ከእኛ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ኮራል ላይ አትቁሙ፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ስትገዙ ኮራልን ይጎዳሉ የሚባሉት ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉ ኬሚካሎች የሌሉበትን ምረጡ፤ የፓሲፊኳ ደሴት አገር ፓላው ከ2020፣ ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ እነዚህ ያሉበት ክሬም እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ነው።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ ካንኩን ባሕር ዳርቻ በጁን ብሄድስ?

መልስ፦ ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባሕር አረም በካሪቢያን ዳርቻዎች ላይ ይከመራል፤ ሲበሰብስ ይሸታል። የሚብሰው ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ገደማ ነው፣ ጁን መሀሉ ላይ ይወድቃል። ከተቻለ ወደ ዲሴምበር ግፉት።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። ፈቃዴ በኦክቶበር ነው።

መልስ፦ እንኳን ተመለስክ! እንግዲያው ሲሼልስ። በኦክቶበር ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ እየረገበ ይሄዳል፣ ውሃው ይጠራል። ላ ዲግ ደሴት ላይ ብስክሌት ተከራይና አንስ ሱርስ ዳርዣን ሂድ። ዝሆን የሚያካክሉ የግራናይት ድንጋዮች በነጭ አሸዋ ላይ ተቀምጠዋል። ውሃው ከኮራሉ አጥር በስተ ጀርባ ስለሆነ ጉልበት አያልፍም፤ ባሕርን ለመተዋወቅ ከዚህ የተሻለ የለም። ፕራላን ደሴት ላይ ደግሞ ቫሌ ደ ሜ ጫካ ግባ፤ ከዕፅዋት ሁሉ ከባዱን ዘር የሚያፈራው ዛፍ የሚበቅለው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል የሚወጡት በአብዛኛው ዓለም በሌሊት ነው። የሲሼልሶቹ ሆክስቢል ኤሊዎች ግን በጠራራ ፀሐይ ይወጣሉ፤ ወቅታቸውም የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። በአሸዋው ላይ ሰፊ የመጎተት ዱካ ካየህ ርቀህ ቁም። ብልጭታ አታብራ፣ መንገዷን አትዝጋ። ጨርሳ ወደ ውሃው እስክትመለስ ጠብቃት።